መርዶ ያልገባበት ቤት፦ የረድዋ ዓሹርን «ጣንጡራዊቷ» አንብቤ

በአገራችን ሰው ሲሞት ዜናው እንደ ተራ ወሬ አይነገርም። መርዶ ሰዓት አለው፤ ወግ አለው፤ ነጋሪም ይመረጥለታል። ዘመድ ወዳጅ ተሰብስቦ ገና ጎሕ ሳይቀድ የቤቱን በር ያንኳኳል። በሰው አገር የምንኖርም ይህን ወግ እስከ ዛሬ አልጣልነውም። ሥራ ቦታ ሳለች በስልክ እንዳትሰማ፣ ቤት ውስጥ ብቻዋን ሳለች እንዳትደነግጥ እየተባለ፣ ጎረቤትና የሰፈር ልጅ ተጠራርቶ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ መኪናውን አስነሥቶ ይሄዳል። አንዳንዴም «ትንሽ ትቆይ፣ በሰላም ትገላገል፣ ወረቀቷ ይለቅላትና» እየተባለ መርዶው ወር ይቆያል፤ ዓመት የቆየበትም ጊዜ አለ። መርዶ የቆየባት ሴት በዚያ ሁሉ ጊዜ አገር ቤት ለሚሄድ ሰው ለሟች ልብስ ትልካለች፤ ለሟች ሰላምታ ትልካለች።

ይህን ያስቀደምኩት ስለ ራሳችን ላወራ ፈልጌ አይደለም። ሰሞኑን አንብቤ የጨረስኩት አንድ የፍልስጤማውያን ታሪክ አለ፤ መርዶ የሚለውን ቃላችንን ይዤ ባላነበው ኖሮ ዋናው ነገር ያመልጠኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። መጽሐፉ የግብጻዊቷ ደራሲ የረድዋ ዓሹር «አል-ጣንጡሪያ» ነው። በ2010 ካይሮ ውስጥ በዐረብኛ ታተመ፤ በ2014 ኬይ ሃይኪነን ወደ እንግሊዝኛ መለሰችው፤ እኔም ያነበብኩት ይህንኑ ትርጉም ነው። (ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከአርእስቱ እንነሣ። እንግሊዝኛው «የጣንጡራዋ ሴት» ለማለት በርከት ያሉ ቃላት ፈጅቷል። ዐረብኛው ግን በአንድ ቃል ያልቃል። የእኛም ቋንቋ ለዚህ አይቸገርም፤ ጎንደሬዋ፣ ሐረሬዋ፣ መንዜዋ እንደምንለው «ጣንጡራዊቷ» ቢባል ይበቃል። ልዩነቱ አንድ ነው። ጎንደሬዋ ስንል ጎንደር አለ። ጣንጡራ ግን የለም።

ጣንጡራ የት ነበረች?

ጣንጡራ ከሃይፋ በስተደቡብ፣ በሜዲትራኒያን ባሕር ዳር የነበረች የዓሣ አጥማጆችና የገበሬዎች መንደር ናት። በእንግሊዞች አስተዳደር ማብቂያ ላይ፣ በ1945 በተሰበሰበው አኀዝ መሠረት 1,490 ያህል ሰው ይኖርባት ነበር። የእስራኤል መንግሥት ከታወጀ ከሳምንት በኋላ፣ ሜይ 22 ለ23 አጥቢያ 1948፣ አሌክሳንድሮኒ የተባለው ብርጌድ ያዛት። ሴቶቹና ሕፃናቱ ፉረይዲስ ወደምትባል አጎራባች መንደር ተወሰዱ፤ በኋላም ከዚያ ተባረሩ። ዛሬ በቦታው ናሕሾሊም የተባለ ኪቡጽና ዶር የተባለ የእስራኤላውያን የእርሻ መንደር አሉ፤ ዳርቻው የመዝናኛ ባሕር ዳር ሆኗል።

መንደሪቱ ከተያዘች በኋላ ምን ተፈጸመ የሚለው ጥያቄ እስከ ዛሬ ያከራክራል። በ1998 ቴዲ ካትስ የተባለ እስራኤላዊ ተማሪ ለሃይፋ ዩኒቨርሲቲ ባቀረበው የማስተርስ ጥናት፣ በቃል ምስክርነት ላይ ተመሥርቶ፣ እጅ ከሰጡ በኋላ ብዙ ሰዎች መገደላቸውን ጻፈ። በ2000 ነገሩ በጋዜጣ ሲወጣ የብርጌዱ የቀድሞ ወታደሮች በስም ማጥፋት ከሰሱት። ካትስ ማስተባበያ ፈረመ፤ ወዲያው ተጸጽቶ ፊርማዬን ልሰርዝ ቢል ፍርድ ቤቱ አልፈቀደለትም። በ2022 አሎን ሽዋርትስ የተባለ እስራኤላዊ በሠራው ዘጋቢ ፊልም ላይ ግን ካረጁት ወታደሮች አንዳንዶቹ ግድያ መፈጸሙን በገዛ አንደበታቸው ተናገሩ። በ2023 ደግሞ ፎረንሲክ አርኪቴክቸር የተባለው የለንደን የምርምር ቡድን የጅምላ መቃብር ሳይሆኑ አይቀሩም ያላቸውን ቦታዎች በካርታ አመለከተ። ረድዋ ልብ ወለዷን ያወጣችው ከዚያ ፊልም 12 ዓመት ቀድማ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበልልኝ።

በነገራችን ላይ ይህ ጠረፍ ለእኛ ታሪክ ጨርሶ ባዕድ አይደለም። በሜይ 1936 ዓፄ ኃይለ ሥላሴ ከጅቡቲ በእንግሊዝ የጦር መርከብ ተሳፍረው፣ በስደት የመጀመሪያውን ምድር የረገጡት ሃይፋ ወደብ ላይ ነበር፤ ከዚያም በባቡር ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። በልብ ወለዱ ስሌት ተራኪዋ ሩቀያ ያን ጊዜ ከዚያው ወደብ በስተደቡብ የምትታዘል ሕፃን ናት። ንጉሡ በአምስተኛው ዓመት አዲስ አበባ ገቡ። የሩቀያ ሰዎች ግን እነሆ ከ75 ዓመት በላይ ሆናቸው።

«ግብጽ ናቸው» የምትለው እናት

ሩቀያ መንደሯ ስትያዝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ናት። በሬሳ ክምር መካከል አባቷንና ሁለት ወንድሞቿን፣ ሳዲቅንና ሐሰንን፣ በዓይኗ ታያለች። እናቷ ግን ይህን ነገር አትቀበልም። ልጆቼ አምልጠዋል፣ ግብጽ ናቸው ትላለች። በሲዶን የስደት ኑሮ ለመጣው ለሄደው ሁሉ የምትለው ይህንኑ ነው። የቤቷን ቁልፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ ልጆቿን ግብጽ አስቀምጣ፣ በዚሁ እምነቷ ትሞታለች።

አንዳንድ አንባቢ ይህችን እናት «አእምሮዋ የተነካ ምስኪን» ብሎ ሊያልፋት ይችላል። እኔ በዚህ አልስማማም። እናቲቱ ያደረገችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መርዶ ነጋሪ ወደ ቤቷ እንዳይገባ በሩን ዘጋች። ደግሞስ መርዶ የሚነገረው ለባለ ቤት ሰው ነው። ቤት ያስፈልጋል፤ ለቀስተኛ የሚቀመጥበት ደጅ፣ አብሮ የሚያለቅስ ጎረቤት፣ የሚቀበርበት መሬት ያስፈልጋል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ሌሊት የተወሰዱባት ሴት ሞቱን ብትቀበል እንኳ የት ታስቀምጠዋለች? ስለዚህ ልጆቿን ከሞት ወደ ስደት አዛወረቻቸው። ስደተኛ ይመለስ ይሆናል፤ ሙት አይመለስም።

ለምን ግብጽ? መልክዓ ምድሩ ራሱ አንድ መልስ ይሰጣል፤ ባሕሩን ይዞ ወደ ደቡብ የሄደ ግብጽ ይደርሳል። ለእኛ አንባብያን ግን ሌላም ነገር ያስታውሰናል። በወርኃ ጽጌ ቤተ ክርስቲያናችን ለአርባ ቀን የምታስበው ስደት የእናትና የልጅ የግብጽ ስደት ነው። ሩቀያ እስላም ናት፤ ደራሲዋም ይህን እያሰበች ጽፋለች አልልም። ነገር ግን ልጇን ከሰይፍ ለማሸሽ ግብጽን የምታስብ የዚያች ምድር እናት ለሐበሻ አንባቢ እንግዳ ልትሆን አትችልም።

ከዚህ ጋር የደራሲዋ ሕይወት አለ። ረድዋ ዓሹር (1946–2014) በካይሮው ዐይን ሸምስ ዩኒቨርሲቲ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ መምህር ነበረች፤ የዶክትሬት ጥናቷን በ1975 አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የሠራችው በጥቁር አሜሪካውያን ሥነ ጽሑፍ ላይ ነው። ባሏ ፍልስጤማዊው ገጣሚ ሙሪድ አል-ባርጉቲ ነበር። በ1977፣ ሳዳት ኢየሩሳሌምን በጎበኙበት ሰሞን፣ የግብጽ መንግሥት ሙሪድን ከአገር አባረረው። ልጃቸው ተሚም ገና የወራት ዕድሜ ነበረው። አሥራ ሰባት ዓመት ያህል ባል ሌላ አገር፣ ሚስትና ልጅ ካይሮ ሆነው ኖሩ። እንግዲህ ይህች ግብጻዊት ሴት ናት ለፍልስጤማዊቷ እናት «ልጆቼ ግብጽ ናቸው» የሚለውን ቃል በአፏ ያስቀመጠችላት። ግብጽ ፍልስጤማዊን ምን ያህል እንደምታስጠጋ በገዛ ቤቷ ያየች ደራሲ ይህን ስትጽፍ ምን ተሰምቷት ይሆን እያልኩ ብዙ አሰብኩ። መጽሐፉ ግን በአንድም ቦታ አያማርርም። ቃሉን ለእናቲቱ ትቶ ያልፋል።

ሩቀያ እናቷን ስትሆን

ሩቀያ ያጎቷን ልጅ ሐኪሙን አሚንን ታገባለች። ወንዶች ልጆች ትወልዳለች፤ ለሁለቱ የሟች ወንድሞቿን ስም፣ ሳዲቅና ሐሰን፣ ታወጣለች። አሚን ወላጅ የሌላትን ሕፃን መርየምን ወደ ቤት ያመጣል፤ እሷንም እንደ ወለደቻት ታሳድጋለች። ኑሮው ቤይሩት ይሆናል። ቤይሩትን እኛም እናውቃታለን። ስንት እህቶቻችን በሰው ቤት ጓዳ ጉልበታቸውን ያፈሰሱባት፣ በ2024ቱ ጦርነት አሠሪዎቻቸው ጥለዋቸው ሲሸሹ መንገድ ላይ ያደሩባት ከተማ ናት።

ከዚያ 1982 ይመጣል። የእስራኤል ጦር ሊባኖስ ይገባል፤ ከሴፕቴምበር 16 እስከ 18 የሊባኖስ ፋላንጅ ሚሊሻዎች በሳብራና በሻቲላ የስደተኛ ሠፈሮች ሰው ይፈጃሉ። የሟቾቹ ቁጥር ከብዙ መቶዎች እስከ ከሦስት ሺህ በላይ ይገመታል፤ እስከ ዛሬ ቁርጥ ያለ ቁጥር የለም። እስራኤል ያቋቋመችው የካሃን ኮሚሽን እንኳ በ1983 ጦሯ ቀጥተኛ ያልሆነ ኃላፊነት እንዳለበት አምኗል። ዶክተር አሚን በዚያን ጊዜ ሻቲላ አጠገብ በሚገኘው የዓካ ሆስፒታል ሥራ ላይ ነው። ወጥቶ ይቀራል። ሬሳ የለም፣ መቃብር የለም፣ አየሁት የሚል ሰው የለም።

የመጽሐፉ ትልቁ ነገር ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ልጅ ሆና የሬሳውን ክምር አይታ፣ እናቷ ሞቱን ስትክድ ዝም ብላ የታዘበችው ሩቀያ፣ አሁን በተራዋ ሬሳ የሌለው ሞት ገጠማት። እናቷ ሬሳውን ላለማየት መረጠች፤ ሩቀያ ልይ ብትል የሚታይ የለም። እናቷ እያወቀች ዘጋችው የምንለው በር ለሩቀያ ከውጭ ተቆልፎባታል። ያኔ ነው አንባቢ ወደ ኋላ ተመልሶ እናቲቱን የሚረዳት። ረድዋ ይህን በስብከት አልነገረችንም፤ ሁለቱን ሴቶች በሠላሳ አራት ዓመት ርቀት አንዷን ከሌላዋ ፊት ለፊት አቆመቻቸው እንጂ።

ይህን ሳነብ ሐሳቤ ወደ አገሬ እናቶች መሄዱን ልደብቅ አልችልም። በ1977 እና 1978 በቀይ ሽብር ዘመን ልጇ አስፋልት ላይ ተጥሎ እያየች እንዳታለቅስ የተከለከለች እናት አለች። ልጇ ከእስር ቤት ተጠርቶ የት እንደተወሰደ ሳታውቅ ለዓመታት ስንቅ ያመላለሰች እናት አለች። ስለ እነዚያ እናቶች ብዙ ተጽፏል፤ ግን አብዛኛው የጻፍነው ስለ ልጆቹ ድርጅትና ስለ ገዳዮቹ ድርጅት ነው። ቤት ውስጥ ቀርታ የጠበቀችውን ሴት ተራኪ ያደረገ ጽሑፍ ብዙ የለንም።

የምቾት ስደት

ከቤይሩት በኋላ ሩቀያ ትልቁ ልጇ ሳዲቅ ወዳለበት ወደ አቡ ዳቢ ትሄዳለች። ሳዲቅ ተሳክቶለታል፤ ቤቱ ሰፊ ነው፤ እናቱን በክብር ይዟታል። ሴትዮዋ ግን እዚያ መቀመጥ አይሆንላትም። በኋላ መርየም ሕክምና ልትማር እስክንድርያ ስትሄድ አብራት ትሄዳለች፤ በመጨረሻ ወደ ሲዶን ትመለሳለች።

ይህ የመጽሐፉ ክፍል ቦምብም ጥይትም የለበትም። አንዳንድ ሰው ቀዝቃዛ ነው ሊለው ይችላል። በእኔ አስተያየት ግን በውጭ ለምንኖር ሰዎች የተጻፈ የሚመስለው ይኸው ነው። ስደት ድህነት ብቻ እንደሆነ አድርገን የምናወራ ነን፤ ወረቀት ሲገኝ፣ ቤት ሲገዛ፣ ልጅ ሲመረቅ ስደቱ ያበቃ ይመስለናል። እናቶቻችንን ከአገር ቤት አስመጥተን ምንጣፍ በተነጠፈበት ሳሎን ውስጥ፣ በማያውቁት ቋንቋ በሚያወራ ቴሌቪዥን ፊት አስቀምጠን «ምን ጎደለብሽ?» የምንል ስንቶቻችን ነን? ሳዲቅ መጥፎ ልጅ አይደለም። ስህተቱ የእናቱን ሐዘን በገንዘብ የሚሞላ ጉድለት አድርጎ መቁጠሩ ነው።

መጽሐፉ የሚከብድበት ቦታ

ሂስ ከሆነ ድካሙም መነገር አለበት። አንደኛ፣ ደራሲዋ ታሪክን ለመመዝገብ ያላት ቁጭት አንዳንድ ጊዜ ልብ ወለዱን ይጫነዋል። ስለ 1982 በሚተርኩት ምዕራፎች የሰው ስም፣ የቦታ ስም፣ ቀንና ሰዓት እየተደረደሩ ሩቀያ ከፊታችን ትጠፋለች፤ ዘገባ የምናነብ ይመስለናል። ምክንያቱ ይገባኛል። የእስራኤል ጦር በ1982 ቤይሩት ሲገባ የፍልስጤም የምርምር ማእከልን መዛግብት ጭኖ ወስዶ ነበር፤ የተመለሱት በሚቀጥለው ዓመት በእስረኞች ልውውጥ ነው። መዝገቡ ሳይቀር የተዘረፈበት ሕዝብ ደራሲ ልብ ወለዱን መዝገብ ቤት ቢያደርገው አይፈረድበትም። ሆኖም ገጸ ባሕርይ ከመዝገብ በታች ስትቀበር አንባቢ ይጎዳል።

ሁለተኛ፣ አሚን ከመጠን በላይ ደግ ነው። ሲቆጣ፣ ሲሳሳት፣ ሚስቱን ሲበድል ብናየው ኖሮ መጥፋቱ የበለጠ በጎዳን ነበር። ሰማዕት ከመሞቱ በፊት ሰው መሆን አለበት። ይህ በሽታ የእኛንም የትግል ልብ ወለዶች ያጠቃ ስለሆነ ሳየው ቶሎ አውቀዋለሁ።

ሦስተኛ፣ በመጽሐፉ ውስጥ እስራኤላዊ ማለት ወታደር ነው፤ ፊት የለውም። በዚህ ላይ ከራሴ ጋር ተከራክሬአለሁ። በአንድ በኩል የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ በዚያ ቀን ያየችው ጠመንጃና የማይገባትን ቋንቋ ነው፤ ከዚያ በላይ እንድታይ መጠየቅ ግፍ ነው። በሌላ በኩል ተራኪዋ በምትጽፍበት ጊዜ አሮጊት ናት፤ ብዙ አንብባለች፣ ብዙ አስባለች። ከአውሮፓ ዕልቂት ተርፎ በዚያው ዓመት በዚያው ባሕር የደረሰው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ ፊት ቢኖረው የእሷን እውነት የሚቀንስባት አይመስለኝም፤ አንባቢ ይፍረድ።

መጽሐፉ እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ

ከኦክቶበር 2023 ወዲህ እንዲህ ያሉ መጻሕፍት በሰልፍ ላይ እንደ ባንዲራ ይያዛሉ፤ በሌላው ወገን ደግሞ ሳይነበቡ ይጣላሉ። በእኛም መካከል ክርክሩ ደርቋል። አንዱ መጽሐፍ ቅዱስን ይዞ «እስራኤል» ይላል፤ ሌላው የአድዋን ልጅነት ይዞ «ፍልስጤም» ይላል። ሁለቱም ወገን ለአንዲት ከቤቷ ለወጣች ሴት አራት መቶ ገጽ ያህል ጊዜ የሚሰጥ አይመስልም።

እኔ መጽሐፉን ያነበብኩት በመርዶ በኩል ነው ብያለሁ። በጋዛ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ሰው አልቋል፤ በፍርስራሽ ሥር የቀሩ፣ ሞታቸው ያልተረጋገጠ፣ ቤተሰብ «ግብጽ ናቸው» ሊል የሚችልባቸው ብዙ ሰዎች አሉ። በኦክቶበር 7 ቀን በሐማስ የተወሰዱባቸው የእስራኤል ቤተሰቦችም የልጆቻቸውን አስከሬን ሁለት ዓመት ጠብቀዋል። ይህን የምለው ሚዛን ለመጠበቅና ሁለቱን ለማስተካከል አይደለም፤ ቁጥሩም ኃይሉም እኩል አይደለም። ነገር ግን የሩቀያን እናት በእውነት የተረዳ ሰው በየትኛውም ቤት መርዶ ስትጠብቅ የምታድር እናትን ለይቶ አያውቅም ማለት አይችልም። ይህን ካላስተማረን መጽሐፉን አላነበብነውም።

ቁልፉ

ሩቀያ ታሪኳን የምትጽፈው ልጇ ሐሰን ጻፊ ብሎ ስለጎተጎታት ነው። አትወድም፤ ታቋርጣለች፤ ምን ያደርግላችኋል ትላለች። እንደኔ እንደኔ ይህ ማቅማማት መርዶ ነጋሪ ሆኖ በር ላይ የቆመ ሰው ማቅማማት ነው። ለእናቷ ያልደረሰውን መርዶ፣ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለልጆቿ ታደርሳለች። ልብ ወለዱ ራሱ የዘገየ መርዶ ነው።

መጨረሻው በ2000 ነው። የእስራኤል ጦር ከደቡብ ሊባኖስ ሲወጣ ሰዎች ከሁለቱም ወገን ወደ ድንበሩ ሽቦ ይጎርፋሉ። ሩቀያም ትሄዳለች፤ ከሽቦው ማዶ ልጇ ሐሰን ሕፃን ልጁን ይዞ ይመጣል። የሕፃኗም ስም ሩቀያ ነው። አያቲቱ ከእናቷ የወረሰችውን ቁልፍ ከአንገቷ አውጥታ በሽቦው መካከል ለሕፃኗ ታወርሳታለች።

ብዙ አንባብያን በዚህ ትዕይንት እንባ ያፈሳሉ፤ እኔም አፍስሻለሁ። ግን መጽሐፉን ከዘጋሁት በኋላ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ያቺ ሕፃን ቁልፉን ጠይቃ አይደለም የተሰጣት። በሩ የለም፤ ቤቱም ፈርሷል፤ ያለው ብረቱ ብቻ ነው። አያቷ ግን ቁልፉን ብቻ አልሰጠቻትም፤ ታሪኩንም ጽፋ አስቀምጣላታለች፤ ማን እንደሞተ፣ የት እንደሞተ፣ ማን እንዳልተቀበረ። ቁልፍ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሸክም ይሆንባት ነበር።

እኛ በውጭ አገር ለተወለዱ ልጆቻችን ቁልፉን አንጠልጥለናል፤ ባንዲራውን፣ ቂሙን፣ የድርጅቱን ስም፣ «ያንተ ወገን እነዚህ ናቸው» የሚለውን ቃል። መርዶውን ግን አልነገርናቸውም። በቤታችን ማን እንደሞተ፣ ማን እንደገደለ፣ እኛስ ያን ጊዜ የት እንደነበርን ቁጭ ብለን አላስረዳናቸውም። ስለዚህ ልጆቻችን የማያውቁትን ሟች ወክለው ሲጣሉ እናያለን። ማልደን በራቸውን ማንኳኳት ያለብን እኛው ነን፤ ከዚያ በኋላ አብረን እናለቅሳለን።

ቸር ወሬ ያሰማን።